የሩጫ ጨዋታ

በአሜሪካ ፉትቦል «የሩጫ ጨዋታ» ሲባል የፍጥነት ነገር የሚመስለው ብዙ ነው። ጨዋታውን የሚመራው ኳርተርባክ ኳሷን ወደ ፊት ከመወርወር ይልቅ አጠገቡ ላለው ሯጭ በእጁ ያቀብለዋል፤ ሯጩም ብብቱ ሥር ሸጉጧት በተከላካዮች መሀል ይሰነጥቃል። አጥቂው ቡድን በአራት ሙከራ 10 ያርድ፣ ማለትም 9 ሜትር ከምናምን፣ መግፋት ስላለበት በአንድ ሩጫ 4 ያርድ ያገኘ ሰው ሥራውን ሠርቷል። (ለእግር ኳስ ሰው ለአራት ያርድ ማጨብጨብ ግር ማለቱ አይቀርም!)

ቃሉ ግን ሯጩን ብቻ አይመለከትም። ከፊት ተፋጠው ቀዳዳ የሚከፍቱት አምስት ግዙፍ ሰዎች የሩጫው እኩሌታ ናቸው፤ እንደኔ እንደኔ እንዲያውም ይበልጣሉ። ሯጩ ሴክዎን ባርክሊ እ.ኤ.አ. በ2023 ለኒውዮርክ ጃያንትስ 962 ያርድ ሮጠ። በማግሥቱ ዓመት ወደ ፊላዴልፊያ ኢግልስ ተዛውሮ 2,005 ደረሰ፤ ቡድኑም ካንሳስ ሲቲን 40 ለ22 ረትቶ የሊጉን ዋንጫ፣ ሱፐር ቦውልን፣ ወሰደ። ሰውየው ያው ነው። ከፊቱ ግን እንደ ጆርዳን ማይላታ ያሉ ነበሩ፤ ማይላታ ከአውስትራሊያ ራግቢ የመጣ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ቡድኑ ሲመርጠው ፉትቦል ተጫውቶ የማያውቅ ግዙፍ ነው።

ውድድሩ ተዘግቶ ደጋፊው «ሩጫችን ለከርሞ ምን ይሆናል?» እያለ ሲሟገት፣ ማርች ላይ ነፃ ተጫዋቾች ሲፈርሙ፣ ኤፕሪል ላይ የኮሌጅ ልጆች ሲመረጡ፣ ወሬው ሁሉ ስለ ሯጩ ነው። እናንተ ግን መጀመሪያ ከፊቱ ማን እንደሚቆም ጠይቁ።