የአተር ምርኩዝ ታሪክ፤ ከደጋው ማሳ እስከ ድሬዳዋ ጓሮ

ታሪክ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው የነገሥታትን ዘመቻና የከተሞችን ምሥረታ ነው። ይሁን እንጂ በየዕለቱ ከማዕዳችን የማይታጣው ሽሮና ክክም የራሱ የሆነ ታሪክ አለው። አተር በገዛ ጉልበቱ ቀጥ ብሎ የማይቆም ተክል ስለ ሆነ፣ አተርን የዘራ ሕዝብ ሁሉ «ምን ላይ ይደገፍ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ መፈለግ ግድ ሆኖበታል። እኛም በዚህ ጽሑፍ የተሰጡትን መልሶች ከደጋው ማሳ ተነሥተን እስከ ድሬዳዋ ድረስ እንከተላለን። በድሬዳዋ ጥያቄው ከጓሮው አልፎ የከተማይቱን ኑሮ የሚነካ ሆኖ እናገኘዋለን።

አተር በመካከለኛው ምሥራቅ በሰው እጅ መዘራት ከጀመረ ከ9,000 ዓመት በላይ ሆኖታል። በአገራችንም ከጥንት ጀምሮ የኖረ ሲሆን፣ በትግራይ «ደቆቆ»፣ በወሎ በኩል ደግሞ «ያገሬ አተር» የሚባለው ዝርያ ከኢትዮጵያና ከየመን በቀር በሌላ አገር በነባርነት የሚታወቅ አይደለም። የሩስያው የዕፀዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1919 ዓ.ም. ወደ አገራችን መጥቶ የእህል ዘር በሰበሰበ ጊዜ፣ ኢትዮጵያ የብዙ አዝርዕት ዝርያ መናኸሪያ መሆኗን ለዓለም መስክሯል።

የአተር ግንድ ቀጭንና ለስላሳ ነው። ተፈጥሮ ግን ያለ መሣሪያ አልተወውም፤ በቅጠሉ ጫፍ ላይ ክር የመሰለ ጅማት ይወጣና የነካውን ይጨብጣል። ቻርልስ ዳርዊን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1865 ስለ ሐረጎች ባሳተመው ጥናት እነዚህ ጅማቶች ድጋፍ እስኪያገኙ ድረስ በአየር ላይ እየዞሩ እንደሚፈልጉ ገልጿል። ይሁን እንጂ የአተር ጅማት አጭር ስለ ሆነ ቀጭን ነገር እንጂ ወፍራም ግንድ ለመጨበጥ አይችልም። ድጋፍ ያጣ እንደ ሆነ በመሬት ላይ ይተኛል፤ የተኛም አተር ነፋስ ስለማያገኝ በእርጥበት ይበሰብሳል፣ ለለቀማም ያስቸግራል።

የደጋው ገበሬ ለዚህ ችግር ያገኘው መፍትሔ እንጨት ሳይቈርጥ የሚፈጸም ነው። አተርን ከባቄላ ጋር ቀላቅሎ ይዘራል። የባቄላ አገዳ ጠንካራ ስለ ሆነ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ አተሩም በባቄላው ላይ ተደግፎ ያድጋል። ሁለቱም በአንድነት ታጭደው በአንድ አውድማ ይወቃሉ። ከሁለቱ አንዱ በበሽታ ቢጐዳ ሌላው ለቤተ ሰቡ ይተርፋል፤ መሬቱም ከሁለቱም ሥር ልማት ያገኛል። በሐረርጌም ይህንኑ የመሰለ ጥበብ አለ። ገበሬው በማሽላው መካከል ቦሎቄ ይዘራል፤ ከቦሎቄው ወገን ሐረግ የሚጥለው ዐይነት እንደ አተር በጅማት የሚጨብጥ ሳይሆን ግንዱን ራሱን የሚጠመጥም ስለ ሆነ ወፍራሙ የማሽላ አገዳ ይስማማዋል። እንግዲህ በሁለቱም ስፍራ ምርኩዙ ራሱ ሕይወት ያለውና ፍሬ የሚሰጥ ተክል ነው።

በአውሮፓ ደግሞ የጓሮ አትክልተኛ አተርን የሚደግፈው ችካል ተክሎ፣ ጭራሮ ሰክቶ ወይም ሲባጎ ወጥሮ ነው። ይህም የተናቀ ሥራ አይደለም። መነኩሴው ግሬጎር ሜንዴል በብሩን ከተማ በገዳሙ የአትክልት ስፍራ ከ1856 እስከ 1863 ባደረገው ምርምር አተሮቹን ያቆማቸው በበትር፣ በዛፍ ቅርንጫፍና በተወጠረ ገመድ መሆኑን ራሱ በ1866 ባሳተመው ጽሑፍ ገልጿል። ዛሬ በየትምህርት ቤቱ የምናስተምረው የዘር ውርስ ሕግ የተገኘው እንግዲህ በምርኩዝ ከቆሙ አተሮች ነው።

ከዚህ በኋላ ወደ ድሬዳዋ እንመለስ። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊዙ ተወላጅ ለአልፍሬድ ኢልግ የምድር ባቡር ፈቃድ ሰጡ። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ ወደ ሐረር እንዲደርስ ታስቦ የነበረ ቢሆንም፣ የሐረር ተራራ ወጪውን ስለሚያከብደው ከተራራው ግርጌ በሚገኘው ሜዳ ላይ ቆመ። ባቡሩ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. በደረሰ ጊዜ «አዲስ ሐረር» የተባለችው ከተማ ተቈረቈረች፤ ድሬዳዋም ይህች ናት። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ስለ ነበር፣ ድሬዳዋ በእነዚያ ዓመታት የዕቃው ሁሉ ማራገፊያና መጫኛ ሆና ገነነች። በከዚራ በኩል ቀጥ ያሉ ጎዳናዎች ተቀየሱ፣ ዛፎችም ተተከሉ። የአካባቢው አትክልትና ፍራፍሬም በባቡር እየተጫነ ወደ ጅቡቲ ይወርድ ነበር።

ነገር ግን ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ያላት ሞቃት ከተማ ስትሆን፣ አተር የብርድ አገር ልጅ ነው። ሙቀት ሲበዛበት አበባው ይረግፋል። ስለዚህ በድሬዳዋ ጓሮ አተር ለመትከል የሚሻ ሰው የጥቅምትን መጨረሻ ጠብቆ ዘርቶ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ቅዝቃዜ በጉድጓድ ውሃ እያጠጣ ማሳደግ ይገባዋል። ቀጥሎ የሚመጣበት ጥያቄ ያው የጥንቱ ነው፤ ምርኩዙ ከየት ይምጣ?

ከተማይቱን ለሁለት ከፍሎ የሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ በአብዛኛው ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው። ከበላዩ ባሉት ተራሮች ከባድ ዝናብ በዘነበ ጊዜ ግን ድንገት ይሞላል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ሌሊት የወረደው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሎ ብዙዎችን ያለ ቤት አስቀርቷል። የተራሮቹ ከዛፍ መራቈት ለጎርፉ ብርታት ከሚጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ ነው። እርግጥ አንድ የአተር ችካል ጎርፍ አያመጣም። ነገር ግን ለማገዶው፣ ለከሰሉ፣ ለአጥሩና ለጓሮው እንጨት በተፈለገ ቍጥር ወደዚያው ተራራ መጥረቢያ ይዞ መውጣት ልማድ የሆነ እንደ ሆነ፣ የጥቂቱ ድምር ተራራውን ያራቍተዋል።

እንግዲህ የድሬዳዋ አትክልተኛ ከገበሬው ቢማር መልካም ነው። ማሽላው ከታጨደ በኋላ የሚቀረው ደረቅ አገዳ በአካባቢው ሞልቷል። አገዳውን ዘሩ በሚዘራበት ቀን መትከል ይገባል፤ ዘግይቶ የሚተከል ምርኩዝ ሥሩን ይጐዳልና። ከዚያም በአገዳዎቹ መካከል ቀጭን የቃጫ ሲባጎ በየስንዝሩ ከታች ወደ ላይ ቢወጠር፣ የአተሩ ጅማት የሚጨብጠውን ያገኛል። አገዳው ከአንድ የአዝመራ ወቅት በላይ ባይቆይም፣ አተሩም ከዚያ በላይ ዕድሜ የለውም። ለፎሶሊያ ግን፣ ሐረግ የሚጥለው ዐይነት ከሆነ፣ ማሽላውን በቁሙ ምርኩዝ ማድረግ ይቻላል። በየትምህርት ቤቱ የአትክልት ስፍራ ያላቸው መምህራንም ሁለቱን ጐን ለጐን ቢያሳዩ፣ ተማሪው የሜንዴልንና የሐረርጌን ገበሬ ጥበብ በአንድ መደብ ላይ ያነባል።

አበው «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብለዋል። አተርና ባቄላ፣ ቦሎቄና ማሽላ ተደጋግፈው መኖራቸውን አባቶቻችን መጽሐፍ ሳይገልጡ ዐውቀውታል። ከተማም ከበላይዋ ባለው ተራራ ላይ የምትደገፍ ናት፤ የተደገፈችበትን ቈርጣ የምትጥል ከተማ ግን የገዛ ምርኩዟን ትሰብራለች።