ዜና መዋዕል ዘኤርትራ ምክር ቤት፤ ከ1944 እስከ 1955 ዓ.ም.

በ1944 ዓመተ ምሕረት ሚያዝያ 20 ቀን፣ እንግሊዞች ጣልያንን አሸንፈው አስመራ ከገቡ 11 ዓመት ሲሆን፣ 68 ሰዎች በዚያችው ከተማ ተሰብስበው የኤርትራ ምክር ቤት ተከፈተ። ከነዚህም 34ቱ ክርስቲያኖች፣ 34ቱ ሙስሊሞች ነበሩ። የተመረጡትም በዚያው ዓመት በመጋቢት ነው። የአስመራና የምጽዋ ሰው ተወካዩን ራሱ በቀጥታ መረጠ፤ የቀረው አገር ግን በየመንደሩና በየነገዱ መጀመሪያ መራጮችን መረጠ፣ መራጮቹም ተሰብስበው ተወካዩን ለዩ። ሴቶች ድምፅ አልነበራቸውም። ከ68ቱ ወንበር 32ቱን ከኢትዮጵያ ጋር አንድ እንሁን ያለው የአንድነት ማኅበር ወሰደ፤ 18ቱን ነጻነትን ሲጠይቅ የኖረውና ኋላ ፌዴሬሽኑን የተቀበለው የዴሞክራሲ ግንባር ወሰደ፤ 15 ያህሉን ደግሞ የምዕራብ አውራጃ የሙስሊም ማኅበር ያዘ። እንግዲህ ማንም ማኅበር ብቻውን ከግማሽ በላይ አላገኘም። ይህን ቁጥር አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ ኋላ የምንከራከረው በእርሱ ላይ ነው።

ምክር ቤቱ የተወለደው ከባሕር ማዶ በተቆረጠ ነገር ነው። በ1943 ኅዳር 23 ቀን የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ በ46 ድምፅ ድጋፍና በ10 ተቃውሞ፣ ኤርትራ የራሷ ምክር ቤትና አስተዳደር ኖሯት በኢትዮጵያ ዘውድ ሥር በፌዴሬሽን ትተሳሰር ብሎ ወሰነ። ውሳኔውን ሥራ ላይ እንዲያውሉም የቦሊቪያውን ሰው ኤድዋርዶ አንሴ ማቲየንሶን ላከ። እርሳቸውም አገሩን ዞረው፣ ሽማግሌውንና ቄሱን፣ ሼኩንና ነጋዴውን ጠይቀው፣ ከሕግ አዋቂዎች ጋር ሕገ መንግሥት አረቀቁ። ምክር ቤቱም ረቂቁን አንቀጽ በአንቀጽ መርምሮ ሐምሌ 3 ቀን 1944 አጸደቀው። ንጉሠ ነገሥቱ ነሐሴ 5 ቀን ሕገ መንግሥቱን ተቀበሉ፤ በ1945 የዘመን መለወጫ ዕለትም የፌዴሬሽኑን ሕግ አጸደቁ። መስከረም 5 ቀን እንግሊዞች ሥልጣኑን አስረክበው ወጡ። ሰማያዊ ሆኖ በመካከሉ አረንጓዴ የወይራ ቅጠል የተሣለበት የኤርትራ ባንዲራም ከኢትዮጵያ ባንዲራ ጎን ተሰቀለ።

የዚህን ምክር ቤት ፍጻሜ ሰዎች በሦስት መንገድ ይተርኩታል። አንዱ ንጉሠ ነገሥቱ አፈረሱት ይላል፤ ሌላው የአንድነት ማኅበር ሰዎች ወድደው ራሳቸው አፈረሱት ይላል፤ ሦስተኛው ጦር ሠራዊት አስፈራርቶ አፈረሰው ይላል። በሦስቱም ዘንድ እውነት አለ። የእኔ ክርክር ግን ሌላ ነው፤ ሦስቱም ያለፉበትን በር ማየት ይገባል እላለሁ። በሩ የፕሬዚዳንቱ ወንበር ነበር። ምክር ቤቱ ሥልጣን አላነሰውም። ጉባኤውን የሚጠራውን፣ ነገሩን የሚያቀርበውንና ድምፅ የሚያስቆጥረውን ሰው የራሱ አድርጎ ማቆየት ባለመቻሉ ግን በእጁ የነበረው ሥልጣን ሁሉ ሥራ ሳይሠራ ቀረ።

ሥልጣኑ እንዳላነሰው ሕገ መንግሥቱ ራሱ ይመሰክራል። የአስተዳደሩን ራስ፣ ማለትም ዋና ሥራ አስፈጻሚውን፣ የሚመርጠው ምክር ቤቱ ነበር። የዘውዱ እንደራሴ በአስመራ ቢቀመጥም ሥራው የተቈጠረ ነው፤ ጉባኤው ሲከፈት የዘውዱን ንግግር ማሰማት፣ ሕጎችን ማወጅ፣ ያልወደደውን ሕግ በ20 ቀን ውስጥ እንደገና ይታይ ብሎ መመለስ። ምክር ቤቱ ያንኑ ሕግ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ቢያጸናው እንደራሴው ሊያስቀረው አይችልም። ሕገ መንግሥቱን ለማሻሻል ደግሞ ከአባላቱ ሦስት አራተኛው መስማማት ነበረባቸው፤ ይህ ካልሆነ ሁለት ምክር ቤቶች ተከታትለው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ማጽደቅ ነበረባቸው። ሒሳቡን እንየው። የ68 ሦስት አራተኛው 51 ነው። እንግዲህ 18 ሰዎች እንቢ ቢሉ የሚቀረው 50 ብቻ ነው፤ ሕገ መንግሥቱም አይነካም። በመጀመሪያው ምክር ቤት የዴሞክራሲ ግንባር የያዘው ወንበር በትክክል 18 ነበር። ሕጉን ያረቀቁት ሰዎች ቁልፉን በጥንቃቄ ሠርተውታል ማለት ነው።

አሁን ወንበሩን ማን እንደያዘው እንይ። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ተድላ ባይሩ ነበሩ፤ የሐማሴን ሰው፣ በጣልያን አገር የተማሩ፣ የአንድነት ማኅበርም ዋና ጸሐፊ። ሕገ መንግሥቱ ሲጸድቅ ጉባኤውን የመሩ እርሳቸው ናቸው። በዚያው ነሐሴ ምክር ቤቱ ዋና ሥራ አስፈጻሚ አድርጎ መረጣቸውና የፕሬዚዳንቱን ወንበር የምዕራብ አውራጃ የሙስሊም ማኅበር መሪ የነበሩት ሼክ ዓሊ ረዳይ ያዙት። በዚህ ስምምነት የ32ቱና የ15ቱ ያህል ድምፅ ተገጣጠመ፣ አስተዳደሩም ቆመ፤ በአንድ በኩል የደጋው ክርስቲያን፣ በሌላ በኩል የቆላው ሙስሊም ወንበሩን ተካፈሉት። ጥሩ ውል ነበር ቢባል ሐሰት አይሆንም። ጕድለቱ ግን ውሉ የሁለት ሰዎች እንጂ የሁለት ማኅበሮች ሳይሆን መቅረቱ ነው። ማኅበሮቹ ፌዴሬሽኑ ከቆመ በኋላ እየላሉ ሄዱ፤ አባላቱም ማኅበራቸውን ትተው ሹመት የሚያገኙበትን ቤት መጠጋት ጀመሩ። ተድላ ባይሩ ራሳቸው ተቃዋሚ ጋዜጣ ሲዘጋና ተናጋሪ ሲታሰር አይተው ዝም ያሉበት፣ አልፎም ያዘዙበት ጊዜ አለ። በሌላ ሰው ላይ የሳሉት ቢላ ኋላ ወደ ራሳቸው ዞረ።

ነገሩ የታየው በ1947 ነው። በዚያ ዓመት መጋቢት 13 ቀን የዘውዱ እንደራሴ ራስ አንዳርጋቸው መሳይ በምክር ቤቱ ፊት ቆመው፣ ለእንደራሴው ቢሮ የውስጥ ጉዳይና የውጭ ጉዳይ የሚባል ልዩነት እንደሌለ፣ የኤርትራ ጉዳይ ሁሉ የኢትዮጵያ ጉዳይ እንደሆነ የሚያስረዳ ንግግር አደረጉ። ራስ አንዳርጋቸው የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ የልዕልት ተናኘወርቅ ባል ናቸውና ንግግሩ ከማን እንደመጣ ለማንም የተሰወረ አልነበረም። ምክር ቤቱ በጉምሩክ ገቢ ድርሻና በፌዴራሉ ጣልቃ ገብነት ሲያጉረመርም ከርሞ ነበር፤ አሁን መልሱ ተነገረው። በዚያው ክረምት፣ ሐምሌ 22 ቀን፣ ተድላ ባይሩ ሥራቸውን ለቀቁ፤ ዓሊ ረዳይም ከወንበራቸው ወረዱ። ነሐሴ 2 ቀን የእንደራሴው ምክትል የነበሩት አስፍሃ ወልደሚካኤል ዋና ሥራ አስፈጻሚ ተብለው ተመረጡ፤ ምክትልነቱንም አልተዉም። በዚህ ጊዜ አንድ ሰው በምክር ቤቱ ፊት ተጠያቂ የሆነ አስፈጻሚም፣ ምክር ቤቱን የሚቈጣጠር የዘውድ ሹምም ሆነ። ከዚህ በኋላ የሆነው ሁሉ ከዚህ የበቀለ ነው ብል አላጋነንሁም። ሌላውን ተዉት፤ እንደራሴው አንድ ሕግ እንደገና ይታይ ብሎ ቢመልስ፣ ሕጉን ላኪውም ተቀባዩም አንድ ቤት ሆነው ሳለ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ የሚፈልግ ማን ይሆናል?

የፕሬዚዳንቱን ወንበር በዚያው ዓመት ኢድሪስ መሐመድ አደም ያዙ። የባርካ አገር ሰው ናቸው፤ አንገታቸውንም በቀላሉ የሚደፉ አልነበሩም። ከአስፍሃ ጋር ተጣልተው ብዙም ሳይቆዩ በ1948 ከወንበሩ ወረዱ። በ1948 ማብቂያ በተደረገው ሁለተኛ ምርጫ ማኅበሮች እንደ ማኅበር አልተወዳደሩም፤ እያንዳንዱ በስሙ ብቻ ቀረበ። ከዚያ እስከ መጨረሻው ወንበሩ ላይ የተቀመጡት ሐሚድ ፈረጅ ሐሚድ፣ በምክትልነት ጐልተው የታዩት ደግሞ የአንድነት ማኅበር ጽኑ ደጋፊ የነበሩት ካህን መልአከ ሰላም ዲሜጥሮስ ገብረ ማርያም ናቸው። ነገራችን በዚህ ይጠነክራል፤ ከዘውዱ ሹሞች ጋር የተጋጨ ፕሬዚዳንት ሁሉ ተነሣ፣ ያልተጋጨው ስድስት ዓመት ተቀመጠ።

ከዚህ በኋላ ምክር ቤቱ ራሱን በራሱ እጅ እየቈራረጠ መኖር ያዘ። በ1951 ታኅሣሥ 15 ቀን የኤርትራ ባንዲራ እንዲወርድ ወሰነ። ቀጥሎ የኢትዮጵያ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በኤርትራ እንዲሠራ ተቀበለ። በ1952 ግንቦት 9 ቀን ደግሞ የኤርትራ መንግሥት የሚለው ስም የኤርትራ አስተዳደር እንዲባል፣ ዋና ሥራ አስፈጻሚውም ዋና አስተዳዳሪ እንዲባል፣ ማኅተሙም እንዲለወጥ ወሰነ። ሕገ መንግሥቱ ኤርትራ የራሷ ባንዲራ፣ ማኅተምና አርማ እንደሚኖራት በግልጽ ይናገር ነበር፤ መንግሥት የሚለውም ስም በየአንቀጹ ተጽፏል። እንግዲህ የባንዲራው፣ የስሙና የማኅተሙ ለውጥ ሦስቱም የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ናቸው፤ በሦስት አራተኛ ድምፅ፣ ጊዜ ተሰጥቶ፣ በጽሑፍ ቀርቦ መታየት ነበረባቸው። ነገር ግን እንደ ተራ ውሳኔ ቀርበው እንደ ተራ ውሳኔ አለፉ። አንድ ጉዳይ ማሻሻያ ነው ወይስ ተራ ውሳኔ የሚለውን ጥያቄ መጀመሪያ የሚመልስ ማን ነው? አጀንዳውን የሚያቀርብና ጉባኤውን የሚመራ ነው። የ18ቱ ቁልፍ የተሰበረው እዚህ ላይ ነው፤ ጉዳዩ ወደ ቁልፉ ሳይደርስ በሌላ በር ገባ።

በዚህ ላይ የሚነሡ ሁለት መቃወሚያዎች አሉ። የመጀመሪያው እንዲህ ይላል፤ የአንድነት ማኅበር ሰዎች ሕዝብ የመረጣቸው ናቸው፣ ከመጀመሪያውም አንድነትን አንሸሽግም ብለው ነው የተመረጡ፤ እንግዲህ ፌዴሬሽኑን ቢተዉ ቃላቸውን ፈጸሙ እንጂ ምን በደሉ? ክርክሩ ቀላል አይደለም። ደጋው ውስጥ አንድነትን ከልቡ የወደደ ብዙ ሰው ነበር፤ ቤተ ክርስቲያንም አቡነ ማርቆስን በፊቷ አድርጋ ለአንድነት ደክማለች፤ ይህን ሁሉ የአዲስ አበባ ሴራ ብቻ ብሎ መተው ለታሪክ አይጠቅምም። ነገር ግን 32 ከ68 ግማሽ አይሞላም። ከግማሽ በታች የሆነ ወገን ሐሳቡን ይዞ ሊከራከር፣ ሊያሳምን፣ በምርጫም ሊያድግ ይችላል፤ ሦስት አራተኛ ሳይሞላ የሁሉንም የጋራ ሕግ ሊሽር ግን አይችልም። ደግሞም ሁሉም እንደ አንድ ልብ አልነበሩም። ተድላ ባይሩ የአንድነት ማኅበር ራስ ሆነው ሳለ ከእንደራሴው ጋር ተጋጭተው የወረዱት ለኤርትራ የተሰጠውን ሥልጣን ለራሳቸውም ቢሆን ለመጠበቅ ስለሞከሩ ነው። አንድነትን መውደድና ምክር ቤትን ማፍረስ አንድ ነገር እንዳልነበር ከእርሳቸው የበለጠ ምስክር አይገኝም።

ሁለተኛው መቃወሚያ ኃይልን ያነሣል፤ ጦር ባለበት አገር የወንበር ወሬ ምን ይፈይዳል ይላል። በ1950 መጋቢት ሠራተኞች ሥራ አቁመው በአስመራ ሰልፍ በወጡ ጊዜ ጥይት ተተኵሶባቸዋልና፣ ኃይል አልነበረም የሚል ከእኔ ዘንድ የለም። ነገር ግን የዘመኑን ቅደም ተከተል አጥርተን እንየው። ተድላ የወረዱት፣ አስፍሃ የተሾሙት፣ ኢድሪስ የተነሡት ሁሉ ከዚያ ተኩስ በፊት ነው። ኃይሉ የመጣው ወንበሩ ከተያዘ በኋላ ነው፤ መጀመሪያ ሰልፈኛው ጩኸቱን የሚያሰማበት ጉባኤ ተዘጋ፣ ከዚያ ጩኸቱ ወደ ጎዳና ወጣ፣ ከዚያም ተተኰሰበት። የተባበሩት መንግሥታት ስለ ምን አልደረሱላቸውም ለሚልም መልሱ ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። የአንሴ ማቲየንሶ የሕግ አማካሪዎች ውሳኔው ቢጣስ የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ሊያየው እንደሚችል ተናግረው ነበር፤ ሆኖም ሁሉ ነገር በኤርትራ ምክር ቤት ስም እየተወሰነ ሲሄድ፣ ባለቤቱ ያልከሰሰበትን ነገር የኒው ዮርክ ሸንጎ አንሥቶ አይዳኝም።

በ1955 ኅዳር 5 ቀን ምክር ቤቱ ተጠራ። አስፍሃ ወልደሚካኤል ፌዴሬሽኑ ቀርቶ ኤርትራ ሙሉ በሙሉ ከኢትዮጵያ ጋር እንድትዋሐድ የሚል ጽሑፍ አነበቡ። መንግሥት ነገሩ በአባላቱ ሙሉ ስምምነት አለፈ ብሎ አሳወቀ፤ ከአባላቱ መካከል ግን ድምፅ አልተቈጠረም፣ ተነብቦ ተወጣ እንጂ ሲሉ የኖሩ አሉ። በማግስቱ፣ ኅዳር 6 ቀን፣ የኤርትራን የፌዴሬሽን አቋም የሚያስቀር የንጉሠ ነገሥት ትእዛዝ ቁጥር 27 ወጣ። የሁለቱን ወገን ምስክርነት ማስታረቅ ለዚህ ክርክር አያስፈልግም፤ በሙሉ ስምምነት አለፈ ብንል እንኳ፣ ምክር ቤቱ ራሱን እንዲያስቀር ሥልጣን የሚሰጠው አንቀጽ በሕገ መንግሥቱ ውስጥ አይገኝም። ማሻሻል የተፈቀደለት አካል ራሱን መሻር የተፈቀደለት አካል አይደለም።

ወንበሩ ላይ የተቀመጡትም በየፊናቸው ሄዱ። ኢድሪስ መሐመድ አደም አስቀድመው ወደ ካይሮ ወጥተው ነበርና በ1952 በዚያ የኤርትራ ነጻነት ግንባርን ከመሠረቱት አንዱ ሆኑ፤ ሐሚድ ኢድሪስ አዋተም ከዓመት በኋላ በምዕራብ ቆላ ጠመንጃ አነሣ። ተድላ ባይሩ በስዊድን የኢትዮጵያ አምባሳደር ሆነው ከኖሩ በኋላ በ1959 ወደዚያው ግንባር ገቡ፤ የአንድነት ማኅበር ዋና ጸሐፊ የነበሩት ሰው፣ ከወንበሩ ከተነሡት ከኢድሪስ ጋር በአንድ ሰልፍ ቆሙ። አስፍሃ ወልደሚካኤል በአዲስ አበባ የፍርድ ሚኒስትር ሆኑ። ራስ አንዳርጋቸውን ተክተው ፌዴሬሽኑ ሲፈርስ በአስመራ እንደራሴ የነበሩት ጄኔራል አቢይ አበበ ደግሞ ወደ አዲስ አበባ ተመልሰው የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው ተሾሙ፤ በዚያም የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባላቱን ሁሉ የሚሾሟቸው ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ።