ከኩባያው ግርጌ

የልጆቻችሁን ኩባያና የምሳ ዕቃ ብትገለብጡ፣ ከግርጌው በሦስት ቀስቶች የታጠረ ቁጥር ታገኛላችሁ። የባንክ ሠራተኛ ነኝና ቁጥር አይቶ ማለፍ አይሆንልኝም። የዚህኛው ታሪክ ግን ከሒሳብ ይልቅ ወደ ሐኪም ቤት መራኝ። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1891 ሩስያዊው ኬሚስት አሌክሳንደር ዲያኒን ዛሬ ቢስፌኖል ኤ የምንለውን ውሁድ ቀመመ። በ1936 እንግሊዛዊው ቻርለስ ዶድስ፣ ሰው ሠራሽ የሴት ሆርሞን ሲያፈላልግ ይህንኑ ውሁድ ፈተነው፤ እንደ ኤስትሮጅን የመሥራት ጠባይም አገኘበት። ደካማ ነበርና በ1938 ብርቱ ወንድሙን ዳይኢታይልስቲልቤስትሮልን መረጠ። ያ መድኃኒት ለነፍሰ ጡሮች ሲታዘዝ ኖሮ፣ በ1971 ከእነዚያ እናቶች በተወለዱ አንዳንድ ሴቶች ልጆች ላይ እምብዛም የማይታይ ካንሰር ማስከተሉ ተገለጠ።

ደካማው ውሁድ ደግሞ ሌላ ሥራ አገኘ። በ1953 ሄርማን ሽኔል በጀርመን፣ ዳንኤል ፎክስ በአሜሪካ፣ በየፊናቸው ከእርሱ ፖሊካርቦኔትን ሠሩ። እንደ ብርሌ የጠራ፣ ቢወድቅ የማይሰበር! ለጡጦ ከዚህ የተመቸ ምን አለ? እኔን የሚያስደንቀኝ የዶድስ ግኝት የታተመ እንጂ የተሰወረ አለመሆኑ ነው። የሆርሞን መጽሔትና የፕላስቲክ መጽሔት በአንድ ጠረጴዛ ላይ ተገናኝተው የሚያውቁ አይመስለኝም።

ያገናኛቸው አጋጣሚ ነው። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከእርሾ ውስጥ አገኘን ያሉት ሆርሞን መሰል ነገር፣ በሙቀት ከጸዳው የፖሊካርቦኔት ብልቃጥ የወጣ መሆኑን በ1993 አሳወቁ። እናት ጡጦ ስትቀቅል የምታደርገውም ይኸንኑ አይደለምን?

የአውሮፓ ኅብረት በ2011 ውሁዱን ከጡጦ አገደ። አሜሪካም በ2012 ከጡጦና ከሕፃናት ኩባያ አስወጣችው፤ አምራቾቹ ትተውታል ብላ እንጂ ጎጂ ነው ብላ አልነበረም። በ2023 የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በቀን ቢወሰድ አይጎዳም ይባል የነበረውን መጠን በ20,000 እጅ አወረደው።

ቁጥሮቹስ? በ1988 በአሜሪካ የወጡት የተጣለ ፕላስቲክ ለሚለዩ ሠራተኞች እንጂ ለወላጆች አይደለም። 7 ማለት «ሌላ» ማለት ብቻ ነው፤ ፖሊካርቦኔትም እዚያው ውስጥ ይመደባል። 5 ፖሊፕሮፒሊን ነው፤ ሲሠራ ቢስፌኖል አያስፈልገውም። እኔ ለቤቴ 5ን እመርጣለሁ፤ ትኩስ ወተት በሸክላ ሲኒ ሳይበርድ ወደ ፕላስቲክ አላፈስም፤ የተጫጫረውንም አሰናብታለሁ። «ከቢስፌኖል ኤ ነፃ» የሚለው ጽሑፍ ብቻውን አያሳምነኝም፤ በአንዳንዱ ዕቃ ላይ የተተካው ቢስፌኖል ኤስ ነው፤ እርሱም በቤተ ሙከራ የኤስትሮጅን ጠባይ ታይቶበታል።