የገበሬው ወንበር በምክር ቤት



ንግግሬን ከባቲ የሰኞ ገበያ እጀምራለሁ። የደጋው ገበሬ እህሉን፣ የአፋር አርብቶ አደር ግመሉንና ፍየሉን ይዞ በሚገናኝበት በዚያ ገበያ፣ ስለ ዋጋው የሚከራከረው ባለ ንብረቱ ራሱ ነው። በምክር ቤትስ ስለ ገበሬው ይከራከር የነበረው ማን ነው?

በካናዳ የአልበርታ ክፍለ ሀገር የገበሬዎች ማኅበር ለምርጫ ተወዳድሮ እ.ኤ.አ. በ1921 አሸነፈ፤ እስከ 1935ም መንግሥት ሆኖ ቆየ። አብዛኛው ሕዝቧ ገበሬ በሆነባት ኢትዮጵያ ግን እንዲህ ያለ ፓርቲ ሥልጣን አልያዘም። ምክንያቱን መፈለግ ያለብን ከምክር ቤቱ በር ላይ ነው።

በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ሕዝቡ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን እንዲመርጥ ፈቀደ። ሆኖም ዕጩው የተወሰነ ዋጋ ያለው ንብረት እንዲኖረው ግድ ነበር፤ የፖለቲካ ፓርቲም አልነበረም። ድሃው ጭሰኛ መምረጥ ቢችልም ለመመረጥ አልታደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባለመሬቱ ከምርቱ እስከ ሦስት አራተኛ እንዲወስድ ይፈቅድ ነበር። ግንኙነቱን ለማሻሻል የቀረበው የጭሰኛና የባለመሬት ረቂቅ ሕግ ምክር ቤቱ ሳያጸድቀው አብዮቱ ደረሰ። ወሎን በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ረኀብ ሲመታም ገበሬው በምክር ቤቱ የራሱ የተደራጀ ወገን አልነበረውም።

የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኝነትን ሻረ፤ ቢያንስ 800 ሄክታር በሚሸፍን አካባቢ የገበሬ ማኅበር እንዲቋቋምም ደነገገ። ገበሬው መሬትና መዋቅር አገኘ። ነገር ግን መዋቅሩ የገበሬውን ቃል ወደ ላይ ከማድረስ ይልቅ የእህል ኮታንና የመንግሥትን ትእዛዝ ወደ ታች ማውረድ ቀናው። በ1977 ዓ.ም. ባቲ የረኀብተኞች መጠለያ ሆና ዓለም ሲያውቃት፣ ማኅበራቱ ከተቋቋሙ አሥር ዓመት ሊሞላቸው ነበር።

ዛሬ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር የራሱ ምክር ቤት አለው፤ መቀመጫውም ከባቲ ብዙ ያልራቀችው ከሚሴ ናት። በሩ ለገበሬው ከቀድሞው ይልቅ ቀርቧል። እንግዲህ የታሪክ ተማሪ በወንበሩ ላይ ስንት ገበሬ እንደ ተቀመጠ ቆጥሮ መመለስ የለበትም። የተቀመጠው ሰው ተጠሪነቱ ለማን እንደ ሆነ፣ ወንበሩን ሊነሣው የሚችለውስ ማን እንደ ሆነ ይጠይቅ።