ማኅተም፣ አሻራና የምሥጢር ቁጥር፦ የማንነት ማረጋገጫና የማጭበርበር ታሪክ በኢትዮጵያ

በአዲስ አበባ ከተማ፣ በልደታ፣ ከፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ምድብ ችሎት ደጃፍ በማለዳ የሚሰበሰበው ባለጉዳይ በእጁ የሚይዘው ወረቀት ብዙ ዓይነት ነው። የቤት ካርታ፣ የሽያጭ ውል፣ የውክልና ሥልጣን፣ የብድር ሰነድ ይገኝበታል። ራፖር ጸሐፊዎች አቤቱታውን ሲያዘጋጁ ደጋግመው የሚሰሙት ቃል ከሁለት አይዘልም። አንደኛው፣ «ፊርማው የእኔ አይደለም» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ «ፊርማው የእኔ ነው፤ የተነበበልኝ ግን ሌላ ነበር» ይላል። የመጀመሪያው ስሙን የተሰረቀ ሰው ነው፤ ሁለተኛው እምነቱን የተሰረቀ ነው። ሁለቱ ጥፋቶች በታሪክም በሕግም የተለያየ መንገድ ስለተከተሉ፣ ስለማጭበርበር የሚያስተምር መምህር ለይቶ ሊያያቸው ይገባል።

የሌላውን ሰው ስም ለብሶ መነሣት በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1607 ዓፄ ያዕቆብ በጎጃም ጎል በተባለው ስፍራ ከሱስንዮስ ጋር ተዋግቶ በወደቀ ጊዜ፣ ሬሳው ተለይቶ ባለመገኘቱ «ያዕቆብ አልሞተም» የሚል ወሬ ተነዛ። ብዙም ሳይቆይ በስተ ሰሜን፣ በደብረ ቢዘን ገዳም አካባቢ፣ «ያዕቆብ እኔ ነኝ» የሚል ሰው ብቅ አለ። ይህ ሰው በውጊያው ፊቴ ክፉኛ ቆስሏል በማለት ግማሽ ፊቱን በጨርቅ ይሸፍን ነበር። በትግራይ ብዙ ሰው ተከተለው፤ ደጋግሞ ድል ቢሆንም ደጋግሞ አመለጠ፤ ሱስንዮስም ራሱ ወደ ሰሜን ለመዝመት ተገደደ። በመጨረሻ አስመሳዩ ተገድሎ ራሱ ለንጉሡ በቀረበ ጊዜ ከጨርቁ ሥር አንዳች ጠባሳ አልተገኘም። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው የሰውየው ድፍረት ብቻ አይደለም። ተከታዮቹ ያዕቆብ በሕይወት እንዲኖር ይሹ ስለነበር ጨርቁን ግለጥ ያለው አልተገኘም። አታላይ ሁልጊዜ የሚሠራው ተታላዩ አስቀድሞ በያዘው ምኞት ላይ ነው።

ተራው ሕዝብ በበኩሉ ማንነትን የሚያረጋግጠው በወረቀት ሳይሆን በሰው ነበር። ዋስ ጠርቶ፣ ምስክር አቁሞ፣ ሽማግሌ አስቀምጦ ይዋዋላል። ውሉ በጽሑፍ ሲሰፍርም የሚቀመጠው በማይጠፋበትና በማይፋቅበት ስፍራ ነው። በጎንደር ዘመን የመሬት ሽያጭና ስጦታ በአብያተ ክርስቲያናት ወንጌልና በሌሎች መጻሕፍት ባዶ ገጾችና ኅዳጎች ላይ ይጻፍ ነበር፤ የሻጩ፣ የገዢው፣ የዋሱና የምስክሮቹ ስም ይዘረዘራል። ውሉን የካደ ሰው ከአንድ ወረቀት ጋር ሳይሆን ከሙሉ አጥቢያ ጋር ይጣላል። ይህ ሥርዓት ለተዋወቀ ኅብረተሰብ እጅግ ጠንካራ ነበር፤ እንግዳ ለሚበዛበት ገበያ ግን አይበቃም።

ለገበያው ሕዝቡ ራሱ ሌላ ጥበብ አበጀ። ጠገራ ብር የተባለው የማርያ ቴሬዛ ገንዘብ 1780 የሚል ዓመት እንደያዘ ከአንድ ምዕተ ዓመት በላይ ሲታተም ሲኖር፣ ገበሬውና ነጋዴው በንግሥቲቱ ዘውድና በትከሻዋ ጌጥ ላይ ያሉትን ሉሎች ሳይቆጥር አይቀበልም ነበር። ዓፄ ምኒልክ ከ1894 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በፓሪስ ያሠሩት ብር እንኳ ጠገራውን በቀላሉ ሊተካ አልቻለም። ኢጣሊያ በ1918 (እ.ኤ.አ.) ለኤርትራ በጠገራው አምሳል ያወጣችው ገንዘብም ተቀባይ አጣ። ማንበብ የማይችለው ባላገር በዓይኑ መርምሮ የተለየውን ይመልሳል። ይህም የሚያሳየው ጥንቃቄ ከፊደል ቆጠራ ጋር አንድ አለመሆኑን ነው፤ ነገሩ ወደ ኋላ ይመለሳል።

በ20ኛው ምዕተ ዓመት ዳኝነቱ ከሰው ወደ ወረቀት ተሸጋገረ። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ሐሰተኛ ሰነድ መሥራትንና ማታለልን ለየብቻ ደነገገ፤ በ1997 ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግም ይህንኑ ልዩነት ጠብቋል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ በጽሑፍ የሚደረግ ውል በሁለት ምስክሮች እንዲረጋገጥ አዘዘ። በአንቀጽ 1728ም የዓይነ ስውራንና የማይጽፉ ሰዎች ፊርማ ወይም የጣት ምልክት በውል አዋዋይ፣ በመዝገብ ሹም ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ እንደማያስገድዳቸው ወሰነ። አሻራን በውል ላይ ማሳረፍ በሌላም አገር የቆየ ነው፤ በህንድ ዊልያም ኸርሸል የተባለው እንግሊዛዊ ሹም በ1858 (እ.ኤ.አ.) አንድን ተዋዋይ በወረቀት ላይ እጁን እንዲያሳርፍ ያደረገው ሰውየው ኋላ ፊርማውን እንዳይክድ ነበር። የእኛ ሕግ ግን ከዚህ የተለየ ሥጋት ነበረው። እርሱ የፈራው ፈራሚው እንዳይክድ ብቻ ሳይሆን ያላወቀውን እንዳይፈርም ጭምር ነው።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ካደረገ በኋላ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት ተደራጁ፤ የቀበሌ መታወቂያም የከተማው ሰው የዕለት ተዕለት ማስረጃ ሆነ። ቤት ለማግኘት፣ ከቀበሌው ሱቅ ለመሸመት፣ ለሥራ ለመመዝገብ መታወቂያ ግድ ነበር። ፎቶግራፍ፣ የእጅ ጽሑፍና ክብ ማኅተም ያለበት ይህ ካርድ በየቀበሌው የሚሰጥ እንጂ በአንድ ማእከል የሚመዘገብ ስላልነበረ፣ አንድ ሰው በሁለት ስም ሁለት ካርድ ለመያዝ ብዙ አይቸገርም ነበር። በኋላ ዘመን የሌላውን ሰው ቤት በሐሰተኛ መታወቂያና ውክልና ለመሸጥ የሚሞከረውም በዚሁ ቀዳዳ ነው።

በዚያው ዘመን፣ ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም.፣ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። ዘመቻው ሚሊዮኖችን ከፊደል ጋር ያስተዋወቀና በዩኔስኮ አማካይነት ዓለም አቀፍ ሽልማት ያስገኘ ታላቅ ሥራ መሆኑ አይካድም። በጣት ይፈርም የነበረ ጎልማሳ ስሙን በእጁ ጽፎ ሲያይ የተሰማውን ደስታ በዘመቻው ያስተማሩ ሁሉ ያስታውሱታል። ነገር ግን ስምን መጻፍና ውልን አንብቦ መረዳት በመካከላቸው ሰፊ ርቀት አለ። በጣቱ የሚፈርመውን ሰው ሌላው ወገን እንደማያነብ ቆጥሮ ያነብለታል፤ ሕጉም ይጠብቀዋል። ስሙን የሚጽፈው ግን እንዳነበበ ይቆጠራል። በመሆኑም ግማሽ መንገድ የሄደ ትምህርት ባለቤቱን ከቀድሞው ይበልጥ ሊያጋልጠው ይችላል። ይህን መናገር ዘመቻውን መንቀፍ አይደለም፤ ቀጣዩ ትምህርት ከየት መጀመር እንደነበረበት ማመልከት ነው።

ሎተሪ ደርሶኛል፣ ግን ከገጠር ስለመጣሁ መቀበያውን አላውቅም የሚለውን፣ ከመንገድ «ወድቆ የተገኘ» ወርቅ የሚያካፍለውን፣ ድንገት አልፎ ሂያጅ መስሎ የሚያረጋግጥለትንም ተባባሪ የከተማው ሰው ሁሉ ያውቃቸዋል። ሆኖም በዚህ የሚታለለው የዋህ ብቻ አይደለም። በ2000 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በብዙ ገንዘብ ከገዛው ወርቅ ከፊሉ ወርቅ የተቀባ ብረት መሆኑ ታውቋል፤ ወደ ደቡብ አፍሪካ የተላከው ተመልሶ እስኪመጣ ድረስ ከካዝናው ውስጥ ወርቅ ሆኖ ተቀምጦ ነበር። ሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም. ከ25 ሺህ በላይ የአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ዕጣ ወጥቶ ሳለ፣ የተመዝጋቢዎቹ መረጃ መነካካቱ በመታወቁ ዕጣው ተሰርዟል። ለዓመታት ከደመወዙ እየቆጠበ ለተጠባበቀ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለመምህራን ማብራራት አያስፈልግም።

ግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሥራ ሲጀምርና የባንኮችም አገልግሎት ወደ ስልክ ሲገባ፣ ፊርማና ማኅተም በጥቂት አኃዞች ተተኩ። በ2015 ዓ.ም. የወጣው የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284 ያቋቋመው የፋይዳ ምዝገባ አሥሩንም የጣት አሻራ፣ የዓይን ብሌንና የፊት ምስል ስለሚይዝ አንድ ሰው ሁለት ሆኖ የመመዝገቡን ቀዳዳ አጥብቧል። የመጀመሪያውን ስሞታ፣ «ፊርማው የእኔ አይደለም» የሚለውን፣ ይቀንሰዋል። ሁለተኛውን ግን አይነካውም። ከባንክ ነው የምደውለው፣ አሁን የደረሰዎትን ቁጥር ይንገሩኝ ለሚል ድምፅ ቁጥሩን የሚሰጠው እውነተኛው ባለቤት ራሱ ነውና። በውጭ አገር የሚኖር ወንድም የላከው ዕቃ ጉምሩክ ተይዟል፣ ትንሽ ገንዘብ ቢከፈል ይለቀቃል የሚለው ጥሪም፣ ከመቶ ዓመት በፊት በአውሮፓና በአሜሪካ «የስፔን እስረኛ» ተብሎ ከታወቀው ደብዳቤ ብዙም አይለይም፤ በዚያም የታሰረ ባለጸጋን ለማስፈታት ትንሽ ገንዘብ ይጠየቅ ነበር።

በብዙ ቤተ ሰብ ለእናትና ለአባት የስልኩን መልእክት የሚያነበው የ6ኛ ወይም የ7ኛ ክፍል ተማሪ ነው። ቀድሞ የራፖር ጸሐፊው፣ የቄሱና የመምህሩ የነበረውን የአንባቢነት ኀላፊነት ዛሬ ልጁ ተሸክሞታል። ድምፅን ከፍ አድርጎ ማንበብ ተምሯል፤ ቁጥሩን ለደዋዩ የሚያነበውም በዚያው ድምፅ ነው። የአማርኛ መማሪያ መጻሕፍት ማመልከቻ መጻፍን ሲያስተምሩ ኖረዋል። ከጎኑ ሌላ ልምምድ ቢጨመር ሰፊ ቦታ አይፈልግም፦ አንድ የኪራይ ውል ወይም አንድ የስልክ መልእክት በክፍል ውስጥ ቀርቦ፣ ተማሪዎቹ ማን እንደጻፈው፣ ማን ምስክር እንደሆነ፣ ምን እንደሚጠይቅና ለምን እንደሚያስቸኩል አንድ በአንድ ይቁጠሩ፤ ባላገሩ በጠገራው ላይ ሉሎቹን ይቆጥር እንደነበረው ሁሉ።