መንገዱን ጨርቅ ያድርግላችሁ

«ወጣ ብዬ ልዝናና» የሚለው አነጋገር በአገራችን ዕድሜው አጭር ነው። አያቶቻችን ከቤታቸው የሚወጡት ሊዘምቱ፣ ሊነግዱ፣ ሊሟገቱ፣ ሊሳለሙ፣ ካልሆነም ለቅሶ ሊደርሱ ነበር። ደስ ስላለው ብቻ ቤቱን ዘግቶ ካገር አገር የሚዞር ሰው ቢያጋጥማቸው ወይ ከብት ጠፍቶበታል ይላሉ፣ ወይ ከዘመድ ተጣልቷል። የዛሬው ደመወዝተኛ ግን የዓመት ፈቃዱን ጠብቆ፣ ከጓደኞቹ ጋር ቡና እየጠጣ ጉዞ ያቅዳል። መጀመሪያ «የት እናድራለን?» ይላል። ቀጥሎ «ምን እንበላለን?» ይመጣል።

ይህቺ ሁለተኛዋ ጥያቄ ቀላል ትመስላለች። በእኛ መንገድ ላይ ግን ከእሷ የከበደ ጥያቄ አልነበረም። ነገሩን ለማየት ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው አስፋልት ላይ፣ ጎብዬ ስንደርስ ቆም እንበል። ጎብዬ አውቶቡስ በጥቂት ደቂቃ የሚያልፋት የራያ ቆላ ከተማ ናት። በስተምዕራብ ደጋው እንደ ግድግዳ ቆሟል፤ በስተምሥራቅ ወደ ዞብል የሚዘልቁት ጋራዎች ይታያሉ፤ መሐሉ ማሽላና ጤፍ የሚዘራበት ሜዳ ነው። በዚህ ሜዳ ያለፈው መንገደኛ ብዙ ነው። የአበላሉ ታሪክ ደግሞ የአገሪቱ ታሪክ ነው ቢባል ያስኬዳል።

ዱሮ መንገደኛ ሆቴል አይጠይቅም፤ ስንቁን ይዞ ይወጣል። በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ቋንጣ። ለቅርብ መንገድና ለበዓል ደግሞ አገልግል አለ። እነዚህን ምግቦች ልብ ብላችሁ እዩዋቸው፦ አብዛኞቹ ደረቅ ናቸው፣ ቶሎ አይበላሹም፣ ትከሻ አያጎብጡም። የተሰናዱት ለምላስ ብቻ አይደለም፤ ለቀን ብዛትም ጭምር ነው። በሶ በአንድ ጣሳ ውሃ የሚያልቅ ምሳ ነው። መስከረም 21 ወደ ግሸን ማርያም የሚወጣው ምእመንም፣ ለመውሊድ ወደ ጀማ ንጉሥ የሚጓዘው ሙስሊምም በወሎ መንገድ ላይ ስንቁን ተሸክሞ ሲመላለስ ኖሯል። የአገር ውስጥ ጉብኝት ጀማሪዎች እነሱ ናቸው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ስንቁ ሲያልቅስ? ሲመሽ ደጃፍ ላይ ቆሞ «ቤቶች! የመሸበት እንግዳ አሳድሩ!» ማለት ነው። «ቤት የእግዚአብሔር ነው፣ ግቡ» ይባላል። እግር ይታጠባል፣ ራት ይቀርባል፣ ሒሳብ የሚባል ነገር የለም። ይህን ልማድ ስናወድስ ግን አንድ ነገር እንዳንረሳ። እንግዳው የመሸበት ነጠላ መንገደኛ ሲሆን መስተንግዶው በፈቃድ ነው። የንጉሥ እንግዳ ወይም ወታደር ሆኖ ሲመጣ ግን ባላገሩ ድርጎ የማቅረብ ግዴታ ነበረበት። ያኔ የመንገደኛው ጥጋብ የገበሬው ጎታ መጉደል ነው።

በ1520 እ.ኤ.አ. ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል የተላኩት ፖርቱጋሎች በዚሁ አካባቢ፣ ያኔ አንጎት ይባል በነበረው ግዛት በኩል አልፈዋል። አብሯቸው የነበረው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ስለ ጉዞው በጻፈው መጽሐፍ የአንጎቱ ገዥ ስላደረገላቸው ግብዣ ይተርካል። ጥሬ ሥጋ ቀረበ። የከብት ሐሞት የገባበት ማባያም ቀረበ። ለባለአገሩ የትልቅ ሰው ምግብ ነው፤ ፖርቱጋሎቹ ግን ሊደፍሩት አልቻሉም። 500 ዓመት አልፎም ቁርጥ ቤት ገብቶ ፊቱን የሚያጨማድድ ፈረንጅ ስናይ፣ ትዕይንቱ ብዙ እንዳልተለወጠ ይገባናል።

የተለወጠው መንገዱ ነው። ጣልያን በ1928 ዓ.ም. ማይጨው ላይ ድል ካደረገ በኋላ ከአስመራ በደሴ አድርጎ አዲስ አበባ የሚገባውን የመኪና መንገድ ሠራ። የሠራው ለጦሩና ለሹመቱ ነበር፤ በአምስት ዓመት ጥሎት ሄደ። ከዚያ ትሬንታ ኳትሮው፣ ሹፌሩና ረዳቱ መጡ። ሹፌር በሶ አይበጠብጥም፤ ትኩስ ነገር ይፈልጋል። በየከተማው ሻይ ቤት፣ ምግብ ቤት፣ አልቤርጎ ተከፈተ። ፓስታውና ፉርኖው ከነስማቸው ቀሩልን። «ከባድ መኪና የቆመበት ቤት ምግቡ አያሳፍርም» የሚለው የመንገደኛ ብልሃትም ከአስፋልት ጋር የመጣ ነው። የእግዜር እንግዳ የነበረው ሰው ደንበኛ ሆነ።

በ1950ዎቹ ደግሞ መንግሥት የቱሪስት ድርጅት አቋቋመ። የኢትዮጵያ ቱሪዝም አባት የሚባሉት አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ በአማርኛ «የ13 ወር ፀጋ» የተባለውን፣ በውጭው ቋንቋ ግን 13 የፀሐይ ወራት የሚለውን መፈክር አወጡ። በበረዶ ለተሰቃየ እንግዳ ግሩም ግብዣ ነው። ለራያ ቆላ ገበሬ ግን ፀሐይ መፈክር አይደለችም። ዝናብ ሲቀር የማትቀረው እሷ ናት።

በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎን ረሃብ መታው። የተራበው ሰው ወዴት ሄደ? ወደ አስፋልቱ። በዚያ ከደሴ ወደ ሰሜን በሚዘልቀው አውራ ጎዳና ዳር ተሰልፎ አውቶቡስና መኪና እያስቆመ እህል ውሃ ለመነ። በኋላ የኖቤል ሽልማት ያገኘው ሕንዳዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ረሃብ መርምሮታል። ያገኘው ነገር ያስደነግጣል። ደሴ ገበያ ላይ የእህል ዋጋ ይህን ያህል አልናረም፤ እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ የወጣ እህል ነበር። ገበሬው እርሻው ሲከዳው የሚበላውም የሚገዛበትም አብሮ ጠፋበት። እህል በመኪና ከሚወጣበት አገር፣ ገበሬው መንገድ ዳር ለልመና ቆመ ማለት ነው።

በ1977 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ደግሞ የቢቢሲው ማይክል በርክና ኬንያዊው ካሜራማን መሐመድ አሚን ከአላማጣ ዳገት በላይ ያለችውን የኮረምን እልቂት ለዓለም አሳዩ። ብዙ የዓለም ሕዝብ የኢትዮጵያን ምግብ ያወቀው ከጣዕሙ በፊት በእጦቱ ነው። ስለዚህ በዚህ መንገድ ላይ ተረጋግቶ ተቀምጦ መብላት፣ እየተሳቁ ሒሳብ መክፈል፣ እንደ ቀላል ነገር ሊታይ አይገባውም።

«ማሽላ እያረረ ይስቃል» ይባላል። ምጣድ ላይ ሲቆላ እየፈነዳ ነጭ ጥርሱን ስለሚያሳይ ነው። ተረቱ ለራያ የተተረተ ይመስላል፤ ምክንያቱም ያ ሁሉ ካለፈ በኋላ ሜዳው አሁንም የሚዘራው ማሽላ ነው። የማሽላ ጠላት አቀንጭራ የሚሉት አረም ነው፤ ሥሩ ላይ ተጣብቆ ይመጠዋል። በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ አቀንጭራን የሚቋቋሙ ዝርያዎችን በማውጣት ይታወቃሉ። ወደ አገራችን ገበሬ ከደረሱት መካከል አንዱ «ጎብዬ»፣ ሌላው «አብሽር» ተብሏል። አብሽር በወሎ አፍ «አይዞህ» ማለት ነው። ጎብዬን በመስኮት አይታችሁ ስታልፉ ስሟን የተሸከመ እህል እንዳለ አስቡ።

እንግዲህ ዕቅድ እናውጣ። ከአዲስ አበባ ወልድያ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በአንድ ቀን እበረዋለሁ ያለ ሰው ድካም እንጂ ዕረፍት አያገኝም። ኮምቦልቻ ወይ ደሴ ማደር ነው። ደብረ ሲና ቆሎ ይገዛል። ሐይቅ ሲደረስ ዓሣ፣ መርሳ ፍራፍሬ። ራያ ከተገባ በኋላ የማሽላ እንጀራ፣ ወተት፣ የፍየል ሥጋ፤ ወቅቱ ከሆነ ጥንቅሽ። የጾም ቀን እንዳትረሱ፤ ክርስቲያንና ሙስሊም ተቀላቅላችሁ ከሆነ ደግሞ ሥጋው የማን እንደሆነ ቀድማችሁ ጠይቁ። በየዓይነቱ ሁሉንም ያስታርቃል። ምሳችሁን ከአዲስ አበባ በላስቲክ ጭናችሁ አትሂዱ። አገልግል የተፈጠረው መንገዱ ላይ የሚሸጥ በሌለበት ዘመን ነው፤ ዛሬ የምትከፍሏት የምሳ ሒሳብ ለሻጯ ቤት የዓመት መሻገሪያ ትሆናለች። ሴን የነገረን ይኸው ነው፦ ረሃብን የሚከላከለው እህል ብቻ ሳይሆን ኪስ ውስጥ ያለ ገንዘብም ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚቀድም ጥያቄ ግን አለ። በሐምሌ 2013 ዓ.ም. ጦርነት ወደዚህ ሜዳ ገባ፤ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. እንደገና የተቀሰቀሰው በቆቦ ዙሪያ ነበር። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነት ተፈረመ፤ ዓመት ሳይሞላው ግን በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ተነሣ። ስለዚህ «የት እናድራለን፣ ምን እንበላለን» ከማለታችን በፊት አያቶቻችን ይጠይቁት የነበረውን እንጠይቃለን፦ «መንገዱ ሰላም ነው?»

እነሱ መንገደኛ ሲሸኙ «መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ» ይሉ ነበር። አስፋልት አይተው አያውቁም፤ መንገድ የሚለሰልሰው በሬንጅ እንዳልሆነ ግን ያውቁ ነበር። መንገደኛው በሰላም ሲያልፍ፣ ዳር ያለውም ሰው ጠግቦ ሲያሳልፈው ነው።