ዐቃቤ ሰዓትና እጨጌ

የአቡነ ኢየሱስ ሞዐ መታሰቢያ ኅዳር 26 ቀን በመዋሉ ምክንያት፣ በዚህ ሳምንት ስለ እኒህ አባትና ስለ ደቀ መዝሙራቸው ስለ አቡነ ተክለ ሃይማኖት፣ ይልቁንም መንግሥት ከዛጔ ነገሥታት ወደ ይኩኖ አምላክ በተላለፈ ጊዜ ከሁለቱ ቅዱሳን የማንኛቸው ምክርና ጸሎት ረዳው ስለሚባለው የቆየ ክርክር ጥቂት ልናነሣ ወደድን።

ምንኵስና በአገራችን በተስዓቱ ቅዱሳን ዘመን መጽናቱን፣ ደብረ ዳሞም የአቡነ አረጋዊ ደብር መሆኑን የማያውቅ አንባቢ ስለሌለ በዚያ ላይ አንዘገይም። ኢየሱስ ሞዐ በዚሁ በደብረ ዳሞ ከአባ ዮሐኒ እግር ሥር ተቀምጠው ሥርዓተ ምንኵስናን ከተማሩ በኋላ፣ በ13ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ገደማ በውሃ ወደ ተከበበው ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ መጥተው ማኅበር መሠረቱ፤ ደብሩንም የጸሎት ብቻ ሳይሆን የመጻሕፍትና የትምህርት ቤት አደረጉት። ተክለ ሃይማኖት ከሸዋ ተነሥተው የመጡት ወደዚሁ ነው፤ የጣናውን ዳጋ እስጢፋኖስን ያቀኑት ኂሩተ አምላክም ከእኒሁ አባት ደቀ መዛሙርት ይቈጠራሉ።

እንግዲህ ክርክሩ ከዚህ ይነሣል። የደብረ ሊባኖስ ትውፊት፣ የዛጔው ንጉሥ ዙፋኑን ለይኩኖ አምላክ እንዲለቅ ያደረጉት ተክለ ሃይማኖት ናቸው፣ ይኩኖ አምላክም ስለ ውለታቸው ከመንግሥቱ ሢሶውን ለቤተ ክርስቲያን ሰጠ ይላል። የሐይቅ ትውፊት ደግሞ ቃል ኪዳኑ የተፈጸመው በኢየሱስ ሞዐ ዘንድ ነው ይላል። ፉክክሩ እስከ አስኬማ ድረስ ደርሶ፣ ደብረ ሊባኖሶች ተክለ ሃይማኖት ከደብረ ዳሞ ሲመለሱ ለቀድሞ መምህራቸው አስኬማውን ያለበሷቸው እሳቸው ናቸው እያሉ መምህሩን ልጅ፣ ልጁን አባት አድርገው ይተርካሉ።

ዘመኑን ስንመረምር ግን የሐይቁ ትውፊት ያመዝናል። ይኩኖ አምላክ የነገሠው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1270 ነው። ተክለ ሃይማኖት ደብረ አስቦን፣ ማለት ኋላ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ደብረ ሊባኖስ ያሰኙትን ገዳም፣ ያቀኑት ከዚህ ከዐሥር ዓመት በላይ ዘግይተው ነው፤ በንግሡ ጊዜ ገና የራሳቸው ማኅበር አልነበራቸውም። ኢየሱስ ሞዐ ግን ያን ጊዜ የታወቀ ደብር አባት ነበሩ። ከሁሉ የሚበልጠው ምስክር የማዕርጉ ነገር ነው፤ ዐቃቤ ሰዓት የሚባለው፣ ለንጉሥ እጅግ የቀረበው የቤተ ክህነት ሹመት፣ የሐይቅ አበምኔት ርስት ሆኖ ቆየ፤ በዘርዐ ያዕቆብ ዘመን እንኳ ዐቃቤ ሰዓት አምኃ ኢየሱስ ወደ ንጉሡ ሊገቡ ከሚፈቀድላቸው ጥቂቶች አንዱ ነበሩ። የእጨጌው፣ ማለት የደብረ ሊባኖሱ አበምኔት፣ ክብር ከፍ ብሎ ከዐቃቤ ሰዓቱ የበለጠው ቆይቶ ነው፤ የሢሶው ትረካም የተስፋፋው ከዚሁ ጋር ይመስለኛል።

ይህን ስል ከተክለ ሃይማኖት ክብር አንዳች ለመቀነስ አይደለም፤ በሸዋና በዳሞት የሰበኩት ወንጌል፣ ከማኅበራቸው ወጥተው በየአውራጃው የተሠማሩት መነኮሳት፣ ንጉሥ ከማንገሥ የሚበልጥ ሥራ ነው።

ሐይቅም ከዚያ በኋላ ሊቃውንት ማፍራቱን አላቋረጠም፤ አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ የተማሩት በዚያ ነው።

ዛሬ ዐቃቤ ሰዓት የሚለው ማዕርግ ከመጻሕፍት ገጽ በቀር አይገኝም። እጨጌ የሚለው ግን በ1951 ዓ.ም. የመጀመሪያው ፓትርያርክ ከሆኑት፣ አስቀድመውም እጨጌ ከነበሩት ከአቡነ ባስልዮስ ጀምሮ ከፓትርያርኩ ስም ጋር እጨጌ ዘመንበረ ተክለ ሃይማኖት ተብሎ ይጠራል። ኢየሱስ ሞዐ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1280 ገደማ ለገዳማቸው የሰጡት የብራና ወንጌል ደግሞ፣ የራሳቸው ሥዕል እንደ ተሣለበት፣ ሐይቅ ላይ አለ።